የአባቷ ወረቀት

ሰው ሲበድል ከሚሰማው ይልቅ ከበደለ በኋላ ሲመሰገን የሚሰማው ይብሳል። ዋንቺንግ ይህን የተማረችው ሸንዠን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለች ጠባብ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ኑድል ፊት ለፊት ተቀምጣ ነው።

ፍቅረኛዋ ዜያን እንደ ልማዱ የራሱን እንቁላል በቾፕስቲኩ አንስቶ ወደ እሷ ሳህን አሻገረ። በተዋወቁባቸው ሦስት ዓመታት አንድም ቀን እንቁላሉን ራሱ በልቶት አያውቅም።

"ብዪ እንጂ" አላት። "ከስተሻል።"

"የከሳኸውስ አንተ ነህ።"

"እኔማ ልክሳ። ይገባኛል።"

ለቀልድ ያህል ነበር ያላት፤ ፈገግም ብሏል። ዋንቺንግ ግን ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። እንቁላሏን በላች። ምንም ጣዕም አልነበራትም።

"ላንዦ ልሄድ ነው" አለ ዜያን ድንገት። "ቢሯችን እዚያ ድልድይ እየሠራ ነው። ንድፍ የሚነድፍ ሰው ጠፋ ሲሉ እጄን አወጣሁ። ፈርሜያለሁ።"

"ላንዦ? ያ ሁሉ መንገድ? ለስንት ጊዜ?"

"ለሁለት ዓመት። የመቃብር ጠረጋው በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን እነሣለሁ።"

"እናትህስ?"

ዜያን ሾርባውን ማማሰል ጀመረ። የሚያማስለው ነገር ሳህኑ ውስጥ አልነበረም። "ትናንት ደወልኩላት። 'እማ፣ ለበዓሉ በስንት ሰዓት ልምጣ?' ብዬ ጠየቅኋት። 'ተራራው ላይ እንዳላይህ' አለችኝ። የድንጋዩን ፊደል ለሰው ሰጥታ ልታስቀባ ነው።"

አባት የሞተበት ልጅ በዚያ ቀን ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ የአባቱን ስም በገዛ እጁ በቀይ ቀለም ካላደሰ ምኑን ልጅ ተባለ?  የዋንቺንግ ቃል ከአንደበቷ ጫፍ ደረሰ።

"ዜያን፣ እኔ..."

"አውቃለሁ" ብሎ አቋረጣት፤ እጇንም ያዘ። "ምን ልትዪኝ እንደሆነ አውቃለሁ። 'ጥፋቱ ያንተ አይደለም' ልትዪኝ ነው። እባክሽ አትበዪኝ። አንቺ እንዲህ ስትዪኝ ይብስብኛል።"

ያለው እውነት ነበር፤ ልትለው የነበረው ያንኑ ነው። እሱ ግን እንደ ማጽናኛ አድርጎ ቀድሞ መለሰላት፤ እሷም ቃሏን ከእንቁላሉ ጋር አብራ ዋጠችው። የባቡሩ ጥሪ ሲሰማ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ከሳህኑ ሥር አደረገላት፤ ለቢሮው ጉዳይ ወደ ጓንግዡ ሊሄድ ጣቢያው በር ላይ ከሰዉ ጋር ተሰለፈ። ከበሩ ማዶ ሆኖ አንዴ ዞር ብሎ አያት። ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የሚያየውን ሰው እንደሚያይ ነበር ያያት።

ደብዳቤው አጭር ነው።

"ዋንቺንግ ሆይ፣ ለመኸር የያዝነው የቀለበት ቀን ይቅር። የባሏን ቃል ካጠፋሁባት እናቴ ፊት ቆሜ ሙሽራ ነኝ ማለት አልችልም። ጠብቂኝም አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ እወቂልኝ። በዚያ ቀን ከሁላችንም የለፋሽው አንቺ ነሽ፤ ልፋትሽን ገደል የከተትኩት እኔ ነኝ። እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን እንኳ አልወቀስሽኝም። እንዲህ ያለ ልብ ያላት ሴት ወድዳኝ ነበር እያልኩ እኖራለሁ።"

ዋንቺንግ አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። የእሷ ሆድ ሁሉንም ያውቅ ነበር፤ ለዚህም ነው "እንዲህ ያለ ልብ" የሚለው ላይ ስትደርስ ደብዳቤውን ጣቷን እንዳቃጠላት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ የጣለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የዜያን አባት መምህር ሹ ጉሮሯቸውን ታመው በመጨረሻዎቹ ስምንት ወራት ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። መናገር ሲያቅታቸው ታብሌት ላይ በጣታቸው እየጻፉ ከሚስታቸው ከእትዬ ፋንግ ጋር ያወጉ ነበር። ሌላው ተኝቶ እሳቸው ብቻ ሲነቁም ይጽፋሉ፤ ስለ ጎረቤት ወፍ፣ ስለ ወጣትነታቸው፣ ስለ ሞት። ከሦስት መቶ ገጽ በላይ ጽፈዋል። ልጃቸው ኢንተርኔት ላይ ላስቀምጥልህ ሲላቸው "አየር ላይ የሚቀመጥ ነገር አላምንም" ብለው ጽፈው ከሥሩ ሁለቴ አሰመሩበት። ከሞቱ በኋላ እትዬ ፋንግ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ አንድ አንድ ገጽ ያነቡ ነበር። ሁለት አያነቡም፤ እንዳያልቅባቸው።

ከዚያ ባትሪው አበጠ። መስታወቱ እንደ ኩፍ ያለ ሊጥ ከጠርዙ ተነሣ። ቻርጀር ላይ ተሰክቶ እንኳ ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ ይጠፋ ጀመር፤ ጽሑፉን ልገልብጥ ቢሉትም ጊዜ አይሰጥም። እትዬ ፋንግ ደግሞ ለሱቅ አልሰጥም አሉ። "የባሌን ገመና ጠጋኝ ሁሉ አያነበውም!"

ይሄኔ ነው ዜያን "ዋንቺንግ አለች አይደል?" ያለው። "እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ አንቺው እያየሻት ትቀይረዋለች። ዓይኗን ጨፍና የምትሠራው ሥራ እኮ ነው።"

እውነቱን ነው። ዋንቺንግ ከልጅነቷ ጀምሮ ያደገችው ሁዋቺያንግቤይ ከሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በአባቷ በጋሽ ሉዎ የጥገና ባንኮኒ ሥር ነው። እትዬ ፋንግ ደግሞ ለሠላሳ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ፣ ቤታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ የሆነ ሴት ናቸው። ልጃቸው የጠጋኝ ልጅ ወደድኩ ሲላቸው "እሺም" "እምቢም" አላሉም፤ "ዕድሜ ያስተምራል" ብቻ ብለው ዝም አሉ።

ባትሪውን ልትቀይር በመጣችበት ቀን የመጀመሪያ ቃላቸው "እጅሽን ታጥበሻል?" የሚል ነበር።

ሁለት ጊዜ ታጥባ ነበር። ሄዳ ለሦስተኛ ጊዜ ታጠበች።

በጋሽ ሉዎ ባንኮኒ ላይ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። ከማሽን የወጣች ብሎን ጠረጴዛ ላይ አታርፍም። ጋሽ ሉዎ የማሽኑን ሆድ ወረቀት ላይ ይሥላሉ፤ ፕላስተር ይለጥፉበታል፤ እያንዳንዷ ብሎን እንደወጣች በሥዕሉ ላይ በቦታዋ፣ በቁጥሯ ትጣበቃለች። "የብሎን ካርታ" ይሉታል። ለዚያ ታብሌትም አንድ ቀን ቀደም ብለው አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ገልብጠው ሥለውላታል። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠ ሰው እጅ ስለሆነ ቁጥሮቹ ተጣመዋል፤ ጥጉ ላይም የቅባት አሻራቸው ታትሟል።

ዋንቺንግ ወረቀቱን ከቦርሳዋ እስከ ግማሽ አወጣችው። ከዚያ መጽሐፎቹን አየች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ውብ የቁም ጽሕፈት አየች፤ የአባቷን ጠማማ ሰባትና የቅባት አሻራ አየች። መልሳ ከተተችው። ወዲያው እትዬ ፋንግ ሰማያዊ አበባ ያለባት ትንሽ የስኒ ሳህን አምጥተው አስቀመጡላት።

"ብሎኖቹን እዚህ አድርጊያቸው።"

"አመሰግናለሁ፣ እትዬ።"

ሌላው ሁሉ አምሮ ነበር የሄደው። ጠርዙን በፀጉር ማድረቂያ አሞቀች፣ በቀጭን ፕላስቲክ መስታወቱን አላቀቀች፣ ካበጠው ባትሪ ሥር አልኮል ጠብ እያደረገች ሙጫውን አለሳለሰች። አንድ ብረት ሳታስነካው አውጥታ አዲሱን ተካች። ዜያን አገጩን መዳፉ ላይ አስደግፎ ሲያያት "እጅሽ ሲያምር" ብሎ በሹክሹክታ ተናገረ። እትዬ ፋንግ እንኳ አንድ ብርቱካን ልጠው አጠገቧ አስቀመጡላት። በሦስት ዓመት ውስጥ ከእሳቸው ያገኘችው የመጀመሪያ ፍሬ ነው፤ በደስታ ልቧ ዘለለ።

በዚህ ደስታ ውስጥ ሆና ነው ብሎኖቹን ከሳህኑ መመለስ የጀመረችው። ዘጠኝ ናቸው፤ ስምንቱ እኩል፣ አንዷ ግን ከሰሊጥ ፍሬ በማይበልጥ ትረዝማለች። ካርታው ቢኖር ኖሮ የት እንደምትገባ ሕፃን ያውቀዋል። ዋንቺንግ ግን ገመተች። አጠበቀች። ከካቻቢቴው ጫፍ "ቀጭ" የምትል ነገር ጣቷ ላይ መጣች።

ያቺን "ቀጭ" ጠጋኝ ካልሆነ ማንም አይሰማትም። ረጅም ብሎን አጭር ቀዳዳ ውስጥ ገብታ የቦርዱን ሆድ ስትበሳ የምታሰማት ድምፅ ናት። በቦርዱ ውስጥ ያሉት ከፀጉር የቀጠኑ የኤሌክትሪክ መስመሮች ይበጠሳሉ። ማብሪያውን ተጫነችው። አልበራም። ደግማ ተጫነችው።

"ምን ሆነ?" አሉ እትዬ ፋንግ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። "ቦርዱ... ቦርዱ ቀድሞ ሞቷል፣ እትዬ" አለች ዋንቺንግ። "ቻርጀር ላይ ብዙ ከቆየ እንዲህ ይሆናል።"

ማንንም ለመወንጀል ብላ አልነበረም፤ እንዲያው የመጣላትን ነው ያለችው። ዜያን ግን ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ ነኝ" አለ። "ለአዲስ ዓመት መጥቼ፣ አንቺ እህትሽ ጋ ስትሄጂ፣ ሰክቼው ረስቼው ሄድኩ። አሥራ አንድ ቀን፣ እማ።"

እትዬ ፋንግ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "አባትህ አንዴ ሞቶ ነበር" አሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። "ሁለተኛውን አንተ ገደልከው። ይህን ነገር ከፊቴ አንሱልኝ።"

ያኔ መናገር ነበረባት። ከደቂቃ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በማግሥቱም መናገር ትችል ነበር። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ነገሩ እያደረ ከበደ። እናቲቱ "ድሮም የገበያ እጅ!" ሲሉ በጆሮዋ ይሰማት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ በሰው ቤት ለመከበር ብላ የሚያከብራትን ሰው አሳልፋ ሰጠች። ዜያን ታብሌቱን "እናቴ እንዳታየው አንቺ ጋ ይቀመጥ" ብሎ ሰጣት። አሥራ ስምንት ቀን በቦርሳዋ ይዛው ዞረች። ለአባቷ ልስጠው እንዳትል እሳቸው አንዴ ሲያዩት ያውቁባታል። አንድም ቀን ግን ቤት ትታው መውጣት አልቻለችም።

ከባቡር ጣቢያው በቀጥታ ወደ አባቷ ባንኮኒ ሄደች። የምሳ ሰዓት ስለነበር ገበያው ጋብ ብሏል። ጋሽ ሉዎ የሩዝ ሳህናቸውን ይዘው ከፊት ለፊት ባትሪ ከሚሸጡት ከእትዬ ጓን ጋር ይቃለዱ ነበር።

"አባዬ" አለች ዋንቺንግ። "አንድ ነገር አበላሽቻለሁ።"

ታብሌቱን አስቀመጠችው። ጋሽ ሉዎ ሩዙን ትተው ከፈቱት፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገቡት፣ አንድ ጊዜ ብቻ አዩ።

"ረጅሟን አጭሩ ቦታ ከተትሻት።"

"አዎ።"

"ካርታው አልነበረም እንዴ?"

"ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።"

ጋሽ ሉዎ መነጽራቸውን አውልቀው ጠበቋት። ዋንቺንግ ነገረቻቸው፤ መጽሐፎቹን፣ የቁም ጽሕፈቱን፣ የስኒ ሳህኑን፣ ዝምታዋን፣ ደብዳቤውን። አንድም አላስቀረችም። ስትጨርስ አባቷ መነጽሩን በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ጠርገው ጠርገው አልጨርስ አሉ።

"ጽሕፈቴማ መጥፎ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። "እሱስ እውነት ነው።"

ዋንቺንግ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። "እንዲህ አትበለኝ፣ አባዬ። ስደበኝ። ሲያጠፉ እንደምትሰድባቸው ተለማማጅ ልጆች ስደበኝ!"

"ምን ብዬ ልስደብሽ? እኔ የምሳደበው ብሎን ሲጠፋ ነው። ዛሬ ብሎን አልጠፋም።" እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። "ተነሺ። ሦስት መስመር ነው የተበጠሰው። የኔ እጅ እንግዲህ አልረጋ ብሎኛል። እጁ ያንቺ ይሁን፣ እኔ እያየሁ እነግርሻለሁ።"

ከሰዓቱን ሙሉ ሠሩ። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በወረንጦ እየያዘች ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው በየደች። ሁለት ጊዜ ተበጠሰባት፤ ሁለት ጊዜ አባቷ "ተንፍሺ" አሏት። ሦስተኛው ሽቦ ሲይዝ መስታወቱ በራ። መምህር ሹና እትዬ ፋንግ መርከብ ላይ ተቃቅፈው የተነሡት ፎቶ፣ ከላዩም የይለፍ ቁጥር መጠየቂያ መጣ። ዋንቺንግ ፊቷን አዞረች።

"እሰይ!" ብለው እትዬ ጓን ከማዶ እጃቸውን አጨበጨቡ። "በይ አሁን ይዘሽ ሂጂና 'የሞተውን አስነሣሁላችሁ' በያቸው። አማትሽ እግርሽን አጥባ ትጠጣዋለች!"

"እንዴት አድርጌ..."

"ማን ያውቅብሻል? አባትሽ እንደሆነ አፉ እንደ ብሎን የጠበቀ ነው። እኔ? እኔ ምን አየሁ? ባትሪ ነው የምሸጠው!"

ዋንቺንግ ለአንድ አፍታ ልቧ ሄደ፤ መካድ አይቻልም። የሚያቅፏትን እጆች በሐሳቧ አየች፤ ሁለተኛውን ብርቱካን አየች። ከዚያ አባቷን ተመለከተች።

ጋሽ ሉዎ ዋንቺንግ በዚያ ቀን ከታብሌቱ አውጥታ በቦርሳዋ የያዘችውን ያበጠ አሮጌ ባትሪ በጣታቸው እያገላበጡ ነበር። "እኔ ስለ ሰው ብዙም አላውቅ" አሉ። "እዚህ ቁጭ ብዬ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ከሽፋን ሥር የተተወ ነገር ያብጣል። አንድ ቀን ሽፋኑን ያነሣዋል።"

ዋንቺንግ የተጣጠፈውን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣችና ብሎኖቹን አንድ በአንድ በቦታቸው ለጠፈቻቸው። ታብሌቱን ግን አልገጠመችውም። ሆዱ እንደተከፈተ ካርቶን ውስጥ አስተኛችው።

በበዓሉ ጠዋት ጓንግዡ ላይ እንደ ወጉ ያካፋ ነበር። ዜያን ከእናቱ ሕንጻ ሥር ጃንጥላ ይዞ ጠበቃት። "ብትባረርም ና" ብላው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም።

በሩን የከፈቱት እትዬ ፋንግ ለመንገድ ተዘጋጅተዋል። ከኋላቸው ወለሉ ላይ ለሟቹ የሚቀርበው የተጠበሰ ሥጋና ሸንኮራ፣ ለመንገድ የተቀቀለው እንቁላል፣ የቀዩ ቀለም ቆርቆሮና ብሩሹ ተደርድሯል።

"አንተን አልጠራሁህም" አሉ።

"የጠራሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለች ዋንቺንግ። "አንድ ነገር ልናገር ነው የመጣሁት። ተናግሬ ስጨርስ እኔን ያባርሩኝ።"

ገብታ ካርቶኑን በዚያ ቀን የሠራችበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ማብራት ትችል ነበር፤ ብርሃኑ ቀድሞ ቢታይ ንዴቱ እንደሚበርድም ታውቃለች። እጇን ወደኋላዋ ያዘች።

"ዜያን ምንም አላጠፋም። ባትሪው ቻርጀር ላይ ቆይቶ አብጦ ይሆናል፤ ባትሪ ግን ይቀየራል። ታብሌቱን የገደልኩት እኔ ነኝ። ረጅሟን ብሎን ያለቦታዋ አስገብቼ ቦርዱን በሳሁት። ስትበሳ ሰምቻታለሁ፤ ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ከዚያ ዋሸሁ። እርስዎ እሱን ሲናገሩት አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ።"



"ለምን?" አሉ እትዬ ፋንግ።

"ፈራሁ። ድሮም የገበያ እጅ ነው እንዳይሉኝ።"

ዜያን ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቀ ቆሟል። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ነበር የሚመስለው። "ሃያ ሁለት ቀን" አለ። "በየቀኑ ደወልኩልሽ። በየቀኑ 'አባቴን ገደልኩት' እያልኩ አለቀስኩልሽ።"

"አዎ።"

"ጣቢያው አጠገብ እንቁላሌን ሰጠሁሽ። በላሽው።"

"በላሁት" አለች ዋንቺንግ።  ከሁሉም ያቺ እንቁላል አንገቷን አስደፋቻት።

ዜያን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያኔ ነው ዋንቺንግ ማብሪያውን የተጫነችው። እትዬ ፋንግ ብርሃኑን ሲያዩ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ቁጥሩን መቱ። የባላቸው እጅ ጽሑፍ መስታወቱን ሞላው።

"መጀመሪያ ይገልበጥ፣ እትዬ" አለች። "ሽቦዎቹ ቀጭን ናቸው፤ አላምናቸውም። እሱ ይገልብጠው። እኔ አላይም።"

በሩ አጠገብ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ከኋላዋ ዜያን ላፕቶፑን ሲከፍት ሰማች፤ ቆይቶም "አለቀ፣ እማ። ሁሉም አለ" ሲል ሰማች። ከዚያም እትዬ ፋንግ አንድ ገጽ ጮክ ብለው አነበቡ። "'ዛሬ ሾርባው ጨው በዝቶበታል። እንዳይከፋት ብዬ ሁለት ሳህን ጠጣሁ።'" ቆም አሉ። "በዝቶበት ነበር እንዴ?" አሉ፤ እየሳቁ አለቀሱ።

"ነይ ወደዚህ" አሏት ዕንባቸውን ጠርገው። "ዝጊው እንግዲህ።"

ዋንቺንግ መጥታ ተቀመጠች። ካርታውን ከካርቶኑ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እትዬ ፋንግ አጎንብሰው ጠማማዎቹን ቁጥሮች፣ የቅባት አሻራውን ብዙ ጊዜ አዩት።

"ይህን ወረቀት አውቀዋለሁ" አሉ።

"እንዴት፣ እትዬ?"

"በዚያ ቀን ከቦርሳሽ አውጥተሽ ስትመልሺው አይቼሻለሁ። ለምን እንደመለስሽውም ገብቶኛል። ሠላሳ ዓመት ልጅ አስተምሬ ያፈረ ልጅ ሳይ አይጠፋኝም።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "አውጪው ማለት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። ቤቴ ገብተሽ በአባትሽ ማፈርሽ ደስ ብሎኝ ነው ያንን ሳህን ያቀረብኩልሽ። ስለዚህ ልጄን ብቻሽን አልበደልሽውም።"

ዋንቺንግ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ይቅርታ የጠየቋት አይመስልም ነበር፤ ጥፋታቸውን ግን ከእሷ ጥፋት አጠገብ አኖሩት።

ዜያን ከመስኮቱ መጣ። ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ካርታውን ወደ ራሱ ሳበ። የመጀመሪያዋን ብሎን ከፕላስተሩ ነቅሎ መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋላት።

"አንድ" አለ።

በወረንጦ ወሰደችና ገጠመች።

"ሁለት።"

ከቁጥር በቀር ቃል አልወጣውም፤ ዓይኑንም ከወረቀቱ አላነሣም። እስከ ስምንት እንዲህ ሄዱ። ዘጠነኛዋ ላይ ሲደርሱ ብሎኗን ጨበጣትና አልሰጣትም።

"ረጅሟ ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት።"

"የት ነው የምትገባው?"

"ላይኛው ጥግ። በግራ።"

ካርታውን ራሱ አየ፤ አመሳከረ። "ላንዦ መሄዴ አይቀርም" አለ። "ፈርሜያለሁ። በዚያ ላይ ተናድጄብሻለሁ። መቼ እንደሚበርድልኝ አላውቅም።"

"እሺ" አለች።

ብሎኗን ሰጣት። ወደ ቦታዋ ያለ ድምፅ ገባች።

እትዬ ፋንግ ከተቀመጡበት ተነሡ። "ዜያን፣ ቀለሙን ያዝ። ረፍዶብናል።"

ዜያን እናቱን ቀና ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ሄዶ ቆርቆሮውንና ብሩሹን አነሣ። ዋንቺንግ ቦርሳዋን ልታነሣ ስትል እትዬ ፋንግ በእጃቸው ከለከሏት።

"አንቺ ዘንድሮ ተራራው ላይ አትመጪም።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"ግን አትሄጂም። እስክንመለስ ቤት ጠብቂ። ታብሌቱንም ቻርጀር ላይ ሰክተሽ አጠገቡ ቁጭ በዪ፤ ሲሞላ ንቀዪው።"

"አልከፍተውም፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ" አሉ እትዬ ፋንግ፤ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ደረጃው ወጡ።

ዜያን በሩ ላይ ቆመ። ለመንገድ ከተቀቀሉት አንድ እንቁላል አነሣ፤ ሰማያዊ አበባ ያለባትን የስኒ ሳህን ከመደርደሪያው አወረደ፤ እንቁላሏን በሳህኗ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከአባቷ ወረቀት አጠገብ አስቀመጠላት። አላያትም። ቀለሙን ይዞ ወጣ።

ዋንቺንግ እርምጃቸው ከደረጃው እስኪጠፋ ሰማች። ከዚያ ታብሌቱን ሰካችና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። እንቁላሏን አልነካቻትም። እስኪመለሱ ድረስ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ጠበቀቻቸው።